ከሐይቁ በላይ የዋልንባት ቅዳሜ

ባለፈው ሐሙስ ሌክ ስትሪት ላይ ጎማ ሳስቀይር ስልኬ ጮኸ። እትዬ አስናቀች ናቸው፣ የዕድራችን ጸሐፊ። እሳቸው በሥራ ቀን ከደወሉ ወይ ስብሰባ ነው ወይ ለቅሶ።

«መኮንን፣ ሥራ ላይ ነህ እንዴ?»

«አይደለሁም። ምን ሆነ?»

«ኧረ ምንም። ሽመልስን ታውቀው የለ፣ የሴንት ፖሉን? ትንሽ አሞት ሆስፒታል ገብቷል። ቅዳሜ ተሰባስበን ልንሄድ ነውና እንዳትቀር ብዬ ነው።»

«ሞቷል?» አልኳቸው።

«በስመአብ ወወልድ! ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? አሞታል እኮ ነው ያልኩህ!»

«እትዬ አስናቀች፣ አሞታል ካሉኝ አሞታል ይሁን። ሞቶም ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ። ማን አየው? መቼ?»

የሆስፒታሉን ስምና ፎቁን በቁጣ ነግረውኝ ጆሮዬ ላይ ዘጉት። አልፈርድባቸውም። በዕድሩ ውስጥ በዚህ የታወቅሁ ነኝ። መርዶ ሊነገር ሽማግሌ ሲሰበሰብ እኔ ከተጠራሁ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፣ ማን አየ፣ ማን ነገራችሁ፣ በስንት ሰዓት። እንደ ፖሊስ ያዩኛል። «ያ አፉ መራራ» እንደሚሉኝም ደርሶኛል። ይበሉኝ። ከልጄ ሌላ ምን እንዳመረረው የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ቴክሳስ ገብቶ ለእንቁጣጣሽ ብቻ ይደውላል፣ ሌላው እትዬ አስናቀች «ታውቀው የለ» ያሉኝ ሽመልስ ነው።

ተነስቼ ልበር ብል መኪናዬ ክሪክ ላይ ተሰቅላለች። ልጁ «አርባ ደቂቃ» አለኝ። የጎማ ሽታ በሞላበት ክፍል ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ወደ ሠላሳ ዓመት ይጠጋል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሦስት ሆነን አንድ አፓርትመንት ተከራይተን ነበር፣ እኔ፣ ሽመልስና ገረመው። እኔና ሽመልስ ኤርፖርት ዊልቸር እንገፋለን፣ ገረመው ታክሲ ይነዳል። ለራሱ ደግሞ አሮጌ ቡናማ ቶዮታ ነበረችው። አንደኛው በሯ ከውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው። እሷን ይዘን የትም እንደርስ ነበር፤ ማለቴ እንደርሳለን እንል ነበር እንጂ ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የት ሄደን እናውቃለን?

ሽመልስ የደብረ ዘይት ልጅ ነው። ቤታቸው ከሐይቆቹ በአንደኛው አፋፍ ላይ ነው። አባቱን አያውቀውም። እናቱ ወይዘሮ አስካለ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆነው እሱንና እኅቱን ዘነበችን አሳድገዋል። ሽመልስ ሳቂታ ነበር። ዊልቸር ላይ ያስቀመጣቸው የፈረንጅ አሮጊቶች በሩ ጋ ሲደርሱ መውረድ ያስጠላቸው ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ግን ሳቁን ትቶ ቁም ነገረኛ ይሆናል። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። እዚያ አሥራ ሁለት ሰዓት ማታ ማለት ነው። እናቱ ስልክ የላቸውም፤ ታጥበው፣ ነጠላ ለብሰው ጎረቤት ቤት ሄደው ስልኩ አጠገብ ይቀመጣሉ። እሱ የስልክ ካርዱን ከደረት ኪሱ ያወጣና ያንን ሁሉ ቁጥር እየነካ ይደውላል። ትኩሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥ እንኳ ቅዳሜን ዘሎ አያውቅም።

አንድ አርብ ጠዋት፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ እኔ ተኝቼ ስልክ ጮኸ። ዘነበች ነበረች።

«መኬ ነህ? ሽመልስ አለ?»

«ሥራ ገብቷል። ምነው?»

«እማዬ በጣም አሟታል። እሱን እሱን ትላለች። ድምፁን ልስማ ነው የምትለው። ከቴሌ ነው የምደውለው፣ ሊዘጉብኝ ነው። ዛሬ ጎረቤት ቤት ይደውል፣ ዛሬ ካልሆነለት ነገ እንዳይቀር በለው።»

«ሆስፒታል አልወሰዳችኋትም?»

«መልሰዋታል» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን የሰማውን በወረቀት ጽፎ ይጠብቀው ነበር። እኔ ግን የእኛው ልጅ ነኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ ትምህርት ቤት ድረስ የመጣው አጎቴ «ትንሽ አሞታል፣ ይፈልግሃል» ብሎ ነው ይዞኝ የሄደው። መንገዱን በሙሉ «አሁን ሻል ብሎታል» እያለ አጫወተኝ። በራችን ላይ ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ሰው «በጣም አሟታል» ሲባል ምን ይሰማል?

ልብሴን ለባብሼ ጋሽ ወርቁ ዘንድ ሮጥኩ። ጋሽ ወርቁ ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ትኬት የሚቀበሉ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። አባት ለሌለን አባት፣ ሽማግሌ ለሌለን ሽማግሌ እሳቸው ናቸው።

«ምን አለች? ቃል በቃል ንገረኝ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አለቀ በለኛ። ምስኪን።»

«ጋሽ ወርቁ፣ ታማለች ነው እኮ ያለችኝ።»

«እና ምን ትበልህ? በስልክ ሞተች ትበልህ? ጨዋ ልጅ ናት።»

«መልሰን ደውለን ብንጠይቅስ?»

የተሳደብኩ ይመስል ቀና ብለው አዩኝ። «ለቅሶ ለተቀመጠ ሰው ደውለህ ሞተች ወይ ልትል? ነውር አይደለም እንዴ ልጄ?»

ነውር ሲሉኝ አፌ ተያዘ። ዛሬ ሳስበው ነውሩ የት ላይ እንደነበር አውቃለሁ።

አገር ቤት ቢሆን በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ይነገረዋል። አሜሪካ ግን መርዶም በሺፍት ነው። ቅዳሜ ግማሹ ሰው ሥራ ይገባል፤ እሑድ ማለዳ ካልሆነ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ከአርብ ጠዋት እስከ እሑድ ንጋት ሽመልስ ምንም መስማት የለበትም ተባለ። እንቅፋቱ በመካከል ያለችው ቅዳሜ ነበረች።

«ከስልክ አርቁት» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ራቅ ያለ ቦታ ውሰዱት። ልጁ አንድ ቀን ደስ ይበለው። ከዚያ በኋላ ደስታ የት ያገኛል?»

ይህን ያሉት አዝነው ነው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ዛሬ ልናደድበት የምችለው ሰው በተገኘልኝ።

ወዴት እንደምንወስደው ማሰብ እንኳ አላስፈለገንም። ኤርፖርት ምሳ የምንበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ የሰሜኑ ትልቁ ሐይቅ ሥዕል ያለበት ካላንደር ተሰቅሎ ነበር፤ ከሐይቁ በላይ ቀይ ቅጠል የለበሰ ገደል ይታያል። ሽመልስ ከእሱ ላይ ዓይኑን አይነቅልም። «ገሬ፣ አንድ ቀን እዚህ ካልወሰድከኝ ኢትዮጵያዊ አይደለህም» ይል ነበር። ገረመውም ሁሌ ሰበብ አለው፣ ዛሬ ጎማው፣ ነገ ባትሪው። ያን ዕለት ማታ «ነገ ወደ ሰሜን እንሂድ» ሲለው ሽመልስ አላመነም።

«ምን ነካህ ገሬ? ደህና አይደለህም እንዴ?» ብሎ ግንባሩን ዳሰሰው። ገረመው ሳቀ። ምን ዓይነት ሳቅ እንደሳቀ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቅዳሜ ማለዳ ሽመልስ ሻወር ሲገባ በሩ ጀርባ የተሰቀለው ጃኬቱ ዘንድ ሄድኩ። የደረት ኪሱን ቁልፍ ፈታሁ። ካርዱ የእሱን ሙቀት የያዘ መሰለኝ፣ አልያዘም፣ ፕላስቲክ ነው። አውጥቼ የራሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና ቁልፉን መልሼ ቆለፍኩ። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ወርቁ ካርዱን ስረቅ አላሉኝም፣ ገረመውም አላወቀም። ለደግ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሽሮ ፍርፍር በጎድጓዳ ፕላስቲክ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ብርቱካን፣ አንድ ሙልሙል ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዘን ወጣን። ከከተማው ስንርቅ በቆሎው ደርቆ ቆሟል፣ ሜዳው ላይ ጭጋግ ተኝቷል። ሽመልስ ከፊት ተቀምጦ ይዘፍናል፣ ዳሽቦርዱን እንደ ከበሮ ይመታል። እኔ ከኋላ ሆኜ የማጅራቱን ፀጉር አያለሁ። ትናንት ነው የተስተካከለው። ለቅሶ ላይ ሊቀመጥ የተስተካከለ ይመስላል ብዬ አሰብኩ፤ ወይ ጉድ፣ የሰው ልጅ ምን የማያስበው አለ።

ዱሉዝን አልፈን ሐይቁ በቀኝ በኩል ብቅ ሲል መንደር መሳይ ቦታ ነዳጅ ማደያ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ግድግዳው ላይ የሳንቲም ስልክ ተሰቅሏል።

«አቁም አቁም! እማዬ ትጠብቀኛለች» ብሎ ሽመልስ ወረደ።

የደረት ኪሱን ከፈተ። ከዚያ የጎኑን ኪስ፣ ከዚያ የሱሪውን። ሁሉንም ወደ ውጭ ገለበጣቸው። ገረመው ፊቱን ወደ ነዳጁ አዞረ፣ ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ።

«ካርዴ የለም» አለ ሽመልስ።

«ቤት ረስተኸው ይሆናላ» አልኩት። ድምፄ ደህና ወጣልኝ። «ለአንድ ቅዳሜ ብትቀር ምን ይሆናል? ነገ ትደውላለህ።»

ሱቁ ገብቶ ጠየቀ። የዓሣ መንጠቆና ከረሜላ የምትሸጥ አሮጊት ናት፣ እንዲህ ያለ ካርድ የላትም። ወጥቶ ስልኩ አጠገብ ቆመ። እጁን እጀታው ላይ አድርጎ የገረመውን ጀርባ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ እጁን አወረደና ሳቅ አለ።

«እሺ። እንሂድ በቃ» አለ።

እፎይ አልኩ። መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ ዘፈኑን አልቀጠለም። ስለ ደብረ ዘይት ማውራት ጀመረ።

ተራራው ተራራ ለማለት ያስቸግራል፣ የእኛን አገር ላየ ጉብታ ነው፤ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ሥሩ ሁሉ ወጥቶ መንገዱ ላይ እንደ ገመድ ተዘርግቷል፣ ቅጠሉ እርጥብ ነው፣ ያንሸራትታል። እኛ ደግሞ ጫማችን! እኔና ሽመልስ የኤርፖርቱን ጥቁር ጫማ፣ ገረመው የቤተ ክርስቲያን ጫማውን ነው ያደረገው። ዱላ የያዙ ፈረንጆች እያለፉን «ሃይ» ይሉናል፣ ዓይናቸው ግን እግራችን ላይ ነው። ገረመው ሁለት ጊዜ በመቀመጫው ተንሸራተተ። ሽመልስ «ይህን የእርቅ ጫማህን አውልቀው!» እያለ ከፊት ከፊት ይወጣል። የጥድ ሽታና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ፣ ከታች ደግሞ ቀዝቃዛ የውሃ ሽታ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ውብ ቀን ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውብ ቀን ጥቂት ነው ያየሁት፣ ለዚህም ነው የምጠላው።

ሽመልስ ስለ እናቱ አወራ። ልጅ ሆኖ ወደ ሐይቁ መውረድ ተከልክሎ ነበር። የጎረቤት ልጅ ውሃው ስለወሰደው እናቱ ሐይቁን እንደ ሰው ይጠሉት ነበር። እሱ ግን ሾልኮ ይወርዳል። እናቱ ከሥራ ሲመለሱ አፋፉ ላይ ቆመው ይጣራሉ፤ ሲወጣ ይገርፉትና የተገረፈውን ቦታ ቅቤ ይቀቡለታል። «ለመምታትም ለማሸትም እኩል እጅ ነበራት» አለ። ነበራት አለ። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ሐይቁ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። ወዲያ ማዶው አይታይም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ምሳ አወጣን። ሽመልስ ብርቱካን ልጦ አንዷን ፈልቅቆ ቀመሰና ቀሪውን ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ተነስቶ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ በሴት ድምፅ፣ በእናቱ ድምፅ፣ ተጣራ።

«አንተ ሽመልስ! ሽሜ! ና ውጣ! ዓይኔ ሥር ሁን አላልኩህም? ሽሜ!»

ድምፁ ውሃው ላይ ሄደ። ከበታቻችን ያሉ ፈረንጆች ቀና ብለው አዩ። ደግሞ ተጣራ፣ ደግሞ። ገረመው ተነስቶ ከዛፍ ጀርባ ሄደ፣ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «ጉድፍ ገብቶብኝ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ለምን እንዳየሁ አላውቅም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኗል።

እንመለስ ስንለው እምቢ አለ። «ትንሽ እንቆይ። ምን ያስቸኩለናል?» ሌላ ጫፍ አለ ብሎ ወሰደን፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ። እግራችን ቆስሏል። ቦታውን ወዶት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ወደ ቤት ስንመለስ ዓይኑን ጨፍኖ ሄደ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ጋሽ ወርቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ከኋላቸው አሥራ አምስት የሚሆን ሰው አስከትለው መጡ። በሩን የከፈተው ሽመልስ ነው። ልብሱን ለብሷል፣ አልጋውም ተነጥፏል። ለቅዳሴ የተዘጋጀ መሰለኝ። ጋሽ ወርቁ «ልጄ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» ብለው ሲጀምሩ አላስጨረሳቸውም፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። ቤቱ በለቅሶ ተሞላ።

ትንሽ ሲበርድለት «ዘነበች ብቻዋን ናት፣ ልደውልላት» አለና እጁን ዘረጋ። ካርድ ማለቱ ነው። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ሳያየው ተቀበለኝ፣ ቁጥሩን ነካ።

እሷ የምትለውን አንሰማም፣ እሱ የሚለውን ነው የምንሰማው።

«ዘኑ፣ እኔ ነኝ... ነገሩኝ... ሰዎች ናቸዋ የነገሩኝ... እንዴት ገና ለማንም አልደወልንም ትያለሽ? ምን?... መቼ? ትናንት? ማታ ስንት ሰዓት?... ሦስት ሰዓት...»

ከዚያ ስልኩን በትከሻው ይዞ በጣቶቹ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ቆጠረ። ማታ ሦስት ሰዓት፣ እኛ ዘንድ ከቀኑ ሰባት። ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«እናንተ መቼ ነው የሰማችሁት?» አለ። ጋሽ ወርቁ ግድግዳውን ያያሉ።

«አርብ ጠዋት» አልኩ እኔ። «ዘነበች ደውላ ነበር።»

«ምን ብላ?»

«ታማለች፣ ይደውል ብላ።»

እጁ ላይ ያለውን ካርድ ያን ጊዜ ነው ያየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ምን ነበረበት። «ቀኗ ደርሶ ነው፣ እግዜር ያለው ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ የሚሰማቸው አልነበረም እንጂ።

ኋላ ገረመው ነው የነገረኝ። ያን ቅዳሜ እናቱን ተሸክመው ጎረቤት ቤት ወስደው ስልኩ ሥር አስተኝተዋቸው ነበር። ሌላ ሰው ደውሎ ስልኩ ሲጮህ «እሱ ነው» ይሉ ነበር አሉ።

በሦስተኛው ቀን እህል ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። እሱ ጋሽ ወርቁ ቤት ነበር የተቀመጠው። ሲያየኝ ተነሳ። «ይቀመጡ» አለኝ። አንድ ብርድ ልብስ የተካፈልን፣ በአንድ ትሪ የበላን ሰዎች ነን፤ «ይቀመጡ» አለኝ። ከዚያ ወር ሳይሞላ ሴንት ፖል ገባ። ሠላሳ ዓመት በሙሉ በሠርግም በለቅሶም ስንገናኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እንደምን ዋሉ አቶ መኮንን» ይለኛል። ጋሽ ወርቁ ሲሞቱ ሬሳ ሣጥናቸውን በአንድ ወገን ተሸክመናል፣ ትከሻ ለትከሻ። «ያበርታዎ» ብሎኝ ሄደ። እኔ ከምኖርበት ከዉድበሪ እሱ ቤት በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ እኔ ግን አንድ ቀን ሄጄ አላውቅም።

ነርስ ለሆነችው ልጄ አንድ ጊዜ ነግሬያት ነበር። ሰማችኝና «ዳድ፣ ጀስት መጠየቅ ነበረባችሁ እኮ» አለችኝ። ተናደድኩባት።

«ሰርዬ፣ መኪናህ አልቋል» አለኝ የጎማ ቤቱ ልጅ።

ቅዳሜን አልጠበቅኩም። ቀጥታ ሴንት ፖል ነዳሁ። መንገዱን በሙሉ ድንኳን ይታየኝ ነበር፣ ሆስፒታል በር ላይ ድንኳን እንደማይተከል እያወቅሁ። ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ሴት ልጁ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላለች። እሱም አለ። ዓይኑ ክፍት ነው። በሩን ያዝኩ።

ከስቷል፣ አንገቱ ከጋዋኑ ውስጥ እንደ ሕፃን አንገት ቀጥኗል። «አቶ መኮንን» አለ። «ይቀመጡ። ለምን ደከሙ?»

ልጁ ውሃ ላምጣ ብላ ወጣች። ተቀመጥኩ። ከዚህ ቀን ሌላ ቀን አላገኝም ብዬ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

«ካርድህን ከኪስህ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሻወር ላይ ሆነህ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ስልኩ ጋ ቆሜ ነው ያወቅሁት። ካርዱ ከዚያ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ገረመው ጀርባውን ሰጠኝ፣ የእርስዎ ዓይን ተቅበዘበዘ። ሞታለች አልኩ በልቤ። ሊነግሩኝ ቀን ቆርጠዋል አልኩ። እና ዝም አልኩ።» ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳበ። «አሮጊቷን ለምኜ መደወል እችል ነበር እኮ። ስልኩ እዚያው ነበር። ከሞተች ወዲያ ምን ያደርግልኛል፣ ይህችን አንድ ቀን ልዋልባት አልኩ። ያኔ እኮ አልሞተችም።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔን የተቀየመ ይመስለኝ ነበር። ተራራው ላይ የተጣራው ጥሪ መሰናበቻ ነበር ለካ፣ እናቱም ያንን ሰዓት ጎረቤት ቤት ሶፋ ላይ ሆነው ስልኩን እየጠበቁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው። «ያን ዕለት ስልኩ ጋ፣ መኬ፣ እናቴ ሞታለች ወይ ብዬ ብጠይቅህ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?»

መኬ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ያልሰማሁት ስም ነው። ለዚህ ስል የሚጣፍጠውን መልስ ልሰጠው ፈልጌ ነበር። አልሆነልኝም።

«ደህና ናት እልህ ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እኔም አንተን እንደዚያው ነበር የምልህ» አለ።

ልጁ በረዶ ያለበት ውሃ ይዛ ገባች፣ ትራሱን አስተካከለችለት። እሷ እዚያው እያለች፣ እንደ ልማዴ ፊት ለፊት፣ «ሐኪሞቹ ምን አሉህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

መጀመሪያ ልጁን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ያን ዕለት ነዳጅ ማደያው ላይ እንዳየኝ፣ ረጅም ጊዜ።

«ደህና ነህ ነው የሚሉኝ» አለ።

በዕድሩ ሁሉ ማን አየ፣ ማን ነገራችሁ፣ መቼ እያልኩ ሰው የማስቸግር ሰውዬ ነኝ። እትዬ አስናቀችን እንኳ በስልክ አፋጥጫቸዋለሁ። እሱን ግን ደግሜ አልጠየቅኩትም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።